ለእኛ ያልተጻፈ ደብዳቤ

የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነውር መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ታዲያ ጸሓፊውም ተቀባዩም ካለፉ በኋላ ማንበብ ይገባናልን? በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በጀርመን ሠራዊት ውስጥ የተሰለፉ አይሁዳውያን ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የተዉአቸው ወረቀቶች ይህን ጥያቄ ያስነሡብናል።

እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው በዚያ ጦርነት ወደ 100,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ለጀርመን ተሰልፈው 12,000 ያህሉ ወድቀዋል። ከእናት፣ ከሚስትና ከእጮኛ የተላከላቸው ደብዳቤ በጦር ሜዳ ፖስታ እስከ ምሽጋቸው ይደርስ ነበር። ወታደሩ ወደ ቤቱ የጻፈው በሣጥን ተጠብቆ ሲቆይ፣ እርሱ የተቀበለው ግን ብዙውን ጊዜ በጭቃና በዝናብ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ከምሽግ የተረፈ ደብዳቤ ተቀባዩ ምን ያህል ይሳሳለት እንደ ነበር ይናገራል።

በጥቅምት ወር 1916 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያ የጦር ሚኒስቴር አይሁዳውያን ወታደሮች ተለይተው እንዲቆጠሩ አዘዘ፤ ከግንባር ይሸሻሉ የሚል ሐሜት ተነዝቶባቸው ነበርና። ውጤቱ በጦርነቱ ዘመን ለሕዝብ ስላልተገለጠ ሐሜቱ ሳይታረም ቀረ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላም የቀድሞ ወታደሮች የአገልግሎታቸውን ማስረጃና የሜዳልያቸውን ምስክር ወረቀት ከደብዳቤዎቻቸው ጋር አኑረው ነበር። ወረቀቱ ግን አላዳናቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የተሸለሙና አካላቸው የጎደለ ብዙ ወታደሮች ወደ ቴሬዝየንሽታት ተጋዙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ አውሽዊትዝ ተወስደው ተገደሉ።

ስምንተኛው ትእዛዝ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ይከለክለናል። ሐሜቱን ካሰራጩት ብዙዎቹ የተጠመቁ ክርስቲያኖች መሆናቸውንም በኀዘን ልናምን ይገባናል። ሐሰት በአደባባይ ሲነገር እውነቱ በሣጥን ተዘግቶ ቢቀር ዝምታችን ሐሰትን ያገለግላል። ከሞት ያመለጡ ብዙ ቤተሰቦችም ይህን በመረዳት ወረቀቶቻቸውን በፈቃዳቸው ለቤተ መዛግብት አስረክበዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የሌዎ ቤክ ተቋም እንዲህ ያሉትን የጀርመን አይሁዳውያን ቤተሰቦች ሰነዶች ይጠብቃል።

እኛ ክርስቲያኖች ለእኛ ያልተጻፈ ደብዳቤ ማንበብ እንግዳችን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የላከው አጭር መልእክት ስለ አንድ ባሪያ ለአንድ ሰው የተጻፈ ነበር፤ ሆኖም በቅዳሴ ስንሰማው ልባችንን ይመረምራል። እንግዲህ ጥያቄው ማንበባችን ላይ ሳይሆን አነባበባችን ላይ ነው። ለወሬ ጥማት የሚያነብ ሰው የሙታንን ምስጢር ይዘርፋል። ለስብከቱ ማስጌጫ ብቻ የሚፈልጋቸውም እንዲሁ ይበድላቸዋል። ያ ወታደር ለእኛ ትምህርት እንዲሆን አልኖረም፤ የእናቱ ልጅ ነበር፤ በአባቶቹም እምነት ይጸልይ የነበረ ከሆነ እንዲሁ ልንተወው ይገባል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአይሁዳውያን ላይ የሚደረገውን ጥላቻና ስደት ሁሉ ነቅፏል። ይህን ለሕፃናት የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ስለ ሕዝቦች ከመናገራችሁ በፊት ስለ አንድ ሰው ተናገሩ፤ በደረት ኪሱ የእናቱን ደብዳቤ ይዞ ስለ ተዋጋ፣ አገሩ ግን ስለ ካደችው ሰው። በሐሰት የተቈጠረን ሰው በእውነት ማሰብ ከእኛ የሚጠበቅ ፍትሕ ነው።