የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም

አበው በአጭር ቃል ብዙ ምሥጢር አስረው ካወረሱን ምሳሌያዊ ንግግሮች አንዱ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ነው። በሸንጎም ሆነ በሽምግልና ይህ ቃል ሲነገር የሚሰማው ሰው ሁሉ እንደ ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል፤ ትርጓሜውም፦ አንተ ግፍ የሠራህ ሰው ሆይ፣ ያደረግኸውን ረስተህ ተዝናንተህ ብትቀመጥም የተበደለው ቂሙን በሆዱ ይዞ ቀን ይጠብቅልሃልና ተጠንቀቅ ማለት ነው። አንድም፣ ታርቀናል ብለህ ከበደልኸው ሰው ጋር ማዕድ ስትቈርስ ፈጽመህ አትዘናጋ ማለት ነው። ሁለቱም ትርጓሜዎች ግን፣ ልብ ብሎ ለመረመራቸው ሰው፣ የሚጨነቁት ለወጊው ነው፤ ጦሩ በተሰካበት ሰው አካልና ነፍስ ላይ ምን እንደሚደርስ አንዳች አይናገሩም። እኔ ምሳሌውን ከተወጋው ወገን ቆሜ ልተረጕመው እወዳለሁ።

ለዚህም ከመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 13 የሚበልጥ ምስክር አላገኘሁም። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን የታመመ መስሎ ተኝቶ፣ የአባቱን ልጅ ትዕማርን በእጇ እንድታበላው ካስጠራት በኋላ በግድ ደፈራት፤ ወዲያውም ጠልቶ አስወጣትና በሩን አስዘጋባት። እርስዋም በራስዋ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትልና ነገሩን በልቧ እንዳታኖረው መከራት፤ አባቷ ዳዊትም ሰምቶ ተቈጣ እንጂ ፍርድ አልሰጠም። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አምኖን በበግ ሸላቾች ግብዣ ላይ ምንም ሳይጠረጥር ጠጥቶ ደስ ባለው ጊዜ በአቤሴሎም ትእዛዝ ተገደለ። የወጋው ረስቶ ነበር፤ የተወጋው ወገን ግን አልረሳም፤ ምሳሌያችንን በዚህ ታሪክ የሚያስረዱ ሰዎችም እዚህ ላይ ደርሰው ይቆማሉ። ነገር ግን የተወጋው አቤሴሎም ነበርን? ትዕማር በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና እንደ ተቀመጠች ከተጻፈ በኋላ፣ እንቅልፍ ይወስዳት እንደ ነበረ፣ እህል ይስማማት እንደ ነበረ፣ የወንድ ኮቴ ስትሰማ ትደነግጥ እንደ ነበረ፣ ስለ ኑሮዋ የሚነግረን የለም። የአምኖን ደም መፍሰስ የአቤሴሎምን ቍጣ አብርዶ ይሆናል፤ የትዕማርን ሕመም ግን አልፈወሰም።

የሰው አካል አደጋ ሲመጣበት ራሱን የሚያድንበት ሥርዓት ከፈጣሪው ተሰጥቶታል። ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ቅመሞች ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ በኃይል ይመታል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ የሆድ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ይሸሻል ወይም ይከላከላል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው ግን ከዚያው ቤት የሚያድር፣ ከዚያው መሶብ የሚበላ ሰው የሆነ እንደ ሆነ፣ አካል ሌባው ከሄደ በኋላ እንኳ ከማማው አልወርድም እንዳለ ዘብ ሌሊትና ቀን ነቅቶ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በሽታን የመከላከል ኃይል ይደክማል፣ ራስ ምታትና የጨጓራ ሕመም ይመላለሳል። እንግዲህ «አይረሳም» የተባለው ቂም ብቻ አይደለም፤ ልብ ይቅር ብሎ ሳለ ሥጋ የሚያስታውስበት ጊዜ አለ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሳንዲያጎ ከተማ ቪንሰንት ፌሊቲ የተባለ ሐኪም ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበራቸውን ሰዎች ሲያክም፣ ክብደታቸው በመልካም ሁኔታ የቀነሰላቸው ሕሙማን ሕክምናውን እያቋረጡ ሲሄዱበት ምክንያቱን ቢመረምር፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተደፈሩ ሆነው አገኛቸው። ከዚህ ተነሥቶ ሮበርት አንዳ ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ከ17,000 የሚበልጡ ጐልማሶችና አረጋውያን ስለ ልጅነታቸው እንዲጠየቁ አደረገ፤ የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። መመታትን፣ መደፈርን፣ መዋረድን፣ እናት ስትደበደብ ማየትን ከመሳሰሉት መከራዎች አራትና ከአራት በላይ ዓይነት የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለመንፈስ ጭንቀትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የተጋለጡት ከአራት እስከ ዐሥራ ሁለት እጥፍ ነበር። የልብ፣ የሳንባና የጕበት በሽታም እንዲሁ በእነርሱ ላይ በዝቶ ተገኘ። ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት የተበደሉበት ወራት ካለፈ አሠርት ዓመታት ተቈጥረው ነበር፤ የመታቸው አባት ወይም የደፈራቸው ዘመድ ምናልባት ሞቶ ተቀብሯል።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌው ከሕይወት ጋር ሲመዘን አንድ ጕድለት ይታይበታል፤ የተወጋ ሰው ሁሉ መወጋቱን ያውቃል ብሎ ይነሣልና። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ወጥ ስላሳረረች ወይም ሳትናገር ከቤት ስለ ወጣች፣ ከእነዚህም በመሰለ በአንዱ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች ከመቶ 28 ነበሩ። የሚመታው «ቀጣሁ፣ አረምሁ» ይላል፤ የምትመታውም ይህንኑ ቃል ከእናቷ ተቀብላ «ጥፋቴ ነው» ትላለች። ሴትን ከዱላ ጋር የሚያዛምዱት ክፉ ተረቶችም ከዚያው ከአበው አፍ የወጡ መሆናቸውን መደበቅ አይገባም። እንዲህ ያለች ሴት ቂም የላትም፤ ሕመሙ ግን አለባት። የዓለም የጤና ድርጅት በዐሥር አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባለትዳር ከነበሩና ከሆኑ ሴቶች ከመቶ 71ዱ በባላቸው ወይም በወዳጃቸው መመታት ወይም መደፈር ደርሶባቸዋል፤ ይህም ጥናቱ ከተደረገባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚበልጠው ነበር። በጥናቱ የተጠየቁት ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም፣ ካልደረሰባቸው ይልቅ፣ የሰውነት ሕመም፣ ማዞር፣ የመርሳት ችግርና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በዝቶባቸው ተገኝቷል። መርሳት ከቍስሉ ምልክቶች አንዱ ሆኖ እናገኘዋለን ማለት ነው፤ አበው ይህን አላሰቡትም ነበር።

ስለዚህ «ተዪው፣ እርሺው፣ ገመናሽን አታውጪ» የሚለው የዘመድና የጎረቤት ምክር፣ በፍቅር ቢነገርም፣ አቤሴሎም ለትዕማር የሰጠው ምክር ነው። በጤና ጣቢያ ደጃፍ «ጨጓራዬን፣ ራሴን፣ ውስጤን ያቃጥለኛል» እያለች በየወሩ የምትመላለስ፣ ምርመራው ሁሉ «ምንም የለብሽም» የሚላት ሴት፣ ስለ ቤቷ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠየቅ ትኖራለች። ከዐረብ አገር በሰው ቤት ተደብድባ የተመለሰች ልጅም ስንት ብር እንዳመጣች እንጂ እንዴት እንደ ኖረች የሚጠይቃት ጥቂት ነው። የነፍስ አባትም ቢሆን፣ ይቅርታን ሲያስተምር፣ ንስሐ ያልገባና ካሣ ያልከፈለ፣ ዱላውንም ያላስቀመጠ ሰው እያለ የተመታችውን ብቻ «ታገሺ» ቢላት የይቅርታን ሥርዓት አጓደለ እላለሁ።

ምሳሌው «አይረሳም» ብሎ ጨረሰ እንጂ «አይድንም» አላለም። የሳንዲያጎው ጥናትም የሚናገረው ስለ አደጋው መብዛት ነው፤ ብዙ መከራ አይተው በጤና የኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚያድነውም ነገር የታወቀ ነው፦ በመጀመሪያ ጥቃቱ መቆሙ፤ ቀጥሎም ተጎጂውን የሚያምን አንድ ሰው መገኘቱ፤ ከዚያም በሠለጠነ ሐኪም ፊት ነገሩን በጊዜውና በልኩ መናገር መቻል። ጠበል የምትጠመቅ ብትሆን ትጠመቅ፣ ሐኪሙንም አትተው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አንባቢ ሆይ፣ እኅትህ ወይም ጎረቤትህ እንዲህ ያለ ነገር ብትነግርህ «ለምን ሄድሽ?» ብለህ አትጀምር፤ እመናት፣ የምታድርበትን የሰላም ቦታ ፈልግላት። የተደፈረች እንደ ሆነም ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አትጠብቅ፤ ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዳት። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሰጠው ከ72 ሰዓት በፊት ለደረሰች ብቻ ነው።