በዐይን የማይታየው በዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ተመልሰው «ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋሳት ነው» ይሉናል። «ይህ በምን ታወቀ?» ብለን የምንጠይቃቸው ግን ጥቂቶች ነን።

እ.ኤ.አ. በ1665 ዓ.ም. ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ቡሽ አሳስቶ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፥ የተደረደሩ ጥቃቅን ክፍሎች አየና «ሴል» አላቸው። ቃሉ በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት ነው። የምዕራብ መነኮሳት ማደሪያም በዚሁ ስም ይጠራል፤ አባቶቻችን በዓት የሚሉት ነው። ሁክ ያየው ግን ነዋሪው የሞተበትን ባዶ በዓት ነበር። ሕይወት ያለበትን ያየ የሆላንዱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ ነው። ራሱ ባበጀው መነጽር በውሃ ጠብታ ውስጥ የሚዋኙ ረቂቃን ፍጥረታትን አይቶ ለለንደን ሊቃውንት ቢጽፍላቸው ለማመን ተቸገሩ፤ በ1677 ሁክ ራሱ አይቶ መሰከረለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ብዙ ዘገየ። በ1838 እና በ1839 ሽላይደን ስለ ዕፅዋት፥ ሽቫን ስለ እንስሳት ሁሉም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን አስተማሩ። በ1855 ደግሞ ፊርሆ ሕዋስ የሚገኘው ከሌላ ሕዋስ መሆኑን ጻፈ።

ብርሃንም ቢሆን የማያሳየው ረቂቅ አለ። ስለዚህ በ1938 በዚችው በቶሮንቶ፥ በዩኒቨርሲቲው፥ ጄምስ ሂልየርና አልበርት ፕሬበስ የተባሉ ተማሪዎች በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራ፥ ነገርን 7,000 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሠሩ።

ከኢቶቢኮ በብሎር መሥመር ባቡር ስንሄድ ሸርቦርንን እናልፋለን። ሐኪሙ ማከላክና የፊዚክስ ሊቁ ቲል በዚያ ጎዳና በነበረው የካንሰር ተቋም መቅኔያቸው በጨረር ለጠፋ አይጦች የሌሎችን መቅኔ ሰጧቸው። ማከላክ አንድ እሑድ (በሰንበት ስለ መሥራቱ ዛሬ አንወቅሰውም) ጣፊያቸውን ቢያይ እባጮች በቅለውበታል። ግኝቱ በ1961 ታተመ። በ1963 እነርሱና ባልደረቦቻቸው በጨረር ምልክት የወጣባቸውን ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ ተመልክተው፥ በአንዱ እባጭ ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት የአንዲት ሕዋስ ልጆች መሆናቸውን አረጋገጡ። የደማችን ምንጭ በዚህ ታወቀ።

ወገኖቼ፥ ይህ ነገር እኛን ይመለከተናል። ደሙ በካንሰር የታመመ ሰው ከሌላው በሚሰጠው በዚህ የደም ምንጭ ሊድን ይችላል፤ ግን የሁለቱ ሕዋሳት መስማማት አለባቸው። ይህም ጠባይ ከወላጆች የሚወረስ ስለሆነ፥ ለታመመው ልጃችን የሚስማማው ከእኅት ከወንድሙ ባይገኝ፥ ከወገኑ የመገኘት ተስፋው ይበልጣል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዘናል፤ ጠበል የሚጠጣም ከዚህ ትእዛዝ አልወጣም።

ዕድሜያችሁ ከ17 እስከ 35 የሆናችሁ ወጣቶች በካናዳ መዝገብ ልትገቡ ትችላላችሁ፤ ለመመዝገብ የጉንጭን ውስጥ በጥጥ ማስነካት ይበቃል። እናንተም ወላጆች «መቅኔው ይነጥፍበታል» ብላችሁ አትከልክሏቸው፤ የተሰጠው በጥቂት ሳምንታት ይተካል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።