ስንቅ አድርሶ ስለ መመለስ

እናንተ በአፍላ ዕድሜያችሁ ወላጆች የሆናችሁ፥ ወይም አባት ዐርፎባችሁ ታናናሾቻችሁን በአባት ፈንታ የምታስተምሩ በዋግ ያላችሁ የሰሃላ ልጆች፥ ልጁን ከመንደር ርቆ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት አስገብታችሁ፥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከባልንጀሮቹ ጋራ አስቀምጣችሁ፥ ድርቆሹንና ሽሮውን ለገበያ በምትሄዱበት ቀን ከደጁ አድርሳችሁ ስትመለሱ፥ የወላጅነት ዕዳችሁን የከፈላችሁ እንዳይመስላችሁ እመክራችኋለሁ፤ ልጁን ባላያችሁባቸው ቀኖች መካከል በጫት፥ በመጠጥና በሌላ ሱስ ጠባይ ይለወጣልና።

የሱስ የመጀመሪያው ምስክር ያው ስንቁ ነው። ጫት ርኃብንና እንቅልፍን የሚያርቅ ቅጠል ስለ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ለፈተና ሌሊት ላንብብበት ብሎ የጀመረው ተማሪ ድርቆሹ እንደ ታሰረ ይቀርለታል፥ ወይም ተሽጦ ይገኛል፤ ሌሊት ነቅቶ ያድራል፥ ረፋድ ላይ በክፍል ያንቀላፋል፤ ሐራራው ሲመጣም በትንሽ ቃል ይቈጣል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ነገር ከተቈረጠ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም፥ እርጥቡን ዕለት ዕለት መግዛት ግድ ይሆናል፤ እንግዲህ ለደብተር፥ ለእስክሪብቶ እየተባለ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠየቀው ገንዘብ የት እንደሚውል መርምሩ። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ ያጣው ደግሞ ጨብሲ የሚሉትን መጠጥ ያስከትላል።

ሐሺሽ ዓይንን ያቀላል፥ ያዘነጋል፥ ርኃብን ያበዛል፤ ማስቲሽና ቤንዚን የሚስብ ልጅ ሽታው ከልብሱ አይለቅም፥ በአፍና በአፍንጫው ዙሪያም ይቈስላል፤ ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚውጥ ብሌኑ ይጠባል፥ ይፈዝዛል፥ አንዳንዱንም እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። ስለ መጠጥ ብዙ አልናገርም፤ በሠርግና በተዝካር ለሕፃን ጠላ የሚቀዳ አገር ጫትን ብቻ ቢያወግዝ ፍርዱ ይጎድላል፥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንኳ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥም ሲጋራም እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ነገር ግን በዋግ ምድር ምልክትን ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነውና የዓይኑ መቅላት ከዚያ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ በተከዜ ሸለቆ የያዘው ትኵሳትና ድካም የወባ፥ ክሳቱ የድርቅ ወይም የሁዳዴ ጾም፥ ዝምታውና ቅዠቱም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ አገር ላይ ያለፈው ጦርነት ያሳደረው ሐዘን ሊሆን ይችላል። ንጹሑን ልጅ በሐሰት የከሰሰ ወላጅ፥ ልጁ በእውነት በተያዘ ጊዜ የሚነግረው አያገኝም።

ስለዚህ አንዱን ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ፤ የቀድሞ ጠባዩን አስባችሁ፥ አበላሉ፥ እንቅልፉ፥ ወዳጆቹ፥ ውጤቱና የገንዘብ አያያዙ ባንድነት ለሳምንታት ተለውጠው እንደ ሆነ እዩ። ይህም በደጅ ቆሞ አይታይምና ስንቁን ባደረሳችሁበት ሌሊት እዚያው እደሩ፤ አከራዪቱንና መምህሩን ጠይቁ። ለመናገርም ምርቃናው እስኪለቀው ጠብቃችሁ፥ ጎረቤት በሌለበት፥ ዱላ ሳታነሡ፥ ከማን ጋር እንደ ጀመረው ሳይሆን ለምን እንደ ጀመረው መጠየቅን አስቀድሙ፤ ቢወድም የንስሓ አባቱ ይጨመሩ። ያንፈራገጠው፥ የማይታይ ሰው ድምፅ እሰማለሁ ያለ፥ ወይም ሞትን እመኛለሁ ያለ ልጅ ሲሆን ግን ለምክር ጊዜ የለም፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፥ ወይም ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከኪሱ ያገኛችሁትንም ኪኒን ከነማሸጊያው ለሐኪሙ አሳዩ።