የሞተ መያዣ

ሰው ለአንድ ነገር ስም ሲያወጣለት ፍርዱን ጭምር በስሙ ውስጥ ያኖራል። ዘመን ሲረዝም ግን ፍርዱ ተረስቶ ስሙ ብቻውን ይቀራል። እንግሊዞች መሬትን ወይም ቤትን አስይዞ መበደርን «ሞርጌጅ» ይሉታል። ይህ ቃል ኖርማኖች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ የገባ ነው፤ «ሞርት» የሞተ፥ «ጋዥ» መያዣ ማለት ነው። የሞተ መያዣ! ታዲያ መያዣው የሞተው ለማን ነው?

በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተጽፎ በዳኛው በራኑልፍ ግላንቪል ስም የሚጠራው የሕግ መጽሐፍ እንዲህ ይለያል። መሬቱ በአበዳሪው እጅ ሳለ ፍሬው ከዕዳው የሚቀነስ ቢሆን መያዣው ሕያው ነው፤ ለባለቤቱ ይሠራለታልና። አበዳሪው ፍሬውን እየበላ ዕዳው ባይጐድል ግን መያዣው ለባለዕዳው ሞቷል። መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ውል የንጉሡ ፍርድ ቤት እንደማይከለክለው ገልጾ፥ ውሉ ግን ዐመፃና ነውር፥ የአራጣም ዓይነት መሆኑን ይመሰክራል። በዚያው አቈጣጠር በ1163 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቱር ከተማ የተደረገው የምዕራባውያን ጉባኤም ካህናት በዚህ መንገድ እንዳያበድሩ ከልክሏል።

በ1481 ዓ.ም. የሞተው ዳኛ ቶማስ ሊትልተን ግን ሌላ ትርጓሜ ሰጠ፤ ባለዕዳው በቀኑ ካልከፈለ መሬቱ ለእርሱ ሞተ፥ ከከፈለም መያዣው ለአበዳሪው ሞተ ማለት ነው አለ። በዚህ ትርጓሜ ሞት ለሁለቱም እኩል ተካፈለ፤ ስለተበላው ፍሬ የሚጠይቅ ግን አልቀረም።

በሩቅ አገር ሰዎች ለመፍረድ ግን አንቸኵል። በእኛም አገር ወለድ አገድ የሚባል ውል አለ፤ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለዱ ፈንታ ይወስዳል፥ ዋናው ገንዘብም ሳይቀነስ ይቈያል። «ባለዕዳው ወዶ ተዋውሏል» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ልጆቹ የተራቡበት ሰው ወዶ ተዋዋለ እንላለንን? ኦሪት ወፍጮን በመያዣ መውሰድን የከለከለችው ወፍጮውን የወሰደ የሰውን ሕይወት ስለ ወሰደ ነው። እርሻም ለገበሬ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ጽድቅ አይደለም። የወንድማችንን መሬት የያዝን ብንኖር የበላነውን ፍሬ ቈጥረን ከዕዳው እንቀንስለት፤ መያዣውም በእጃችን ሳለ ሕያው ይሁን።