አቋምና አቋቋም

“አቋም” እና “አቋቋም” ከአንድ ግስ የተወለዱ ወንድማማች ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። “አቋም” ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የስብሰባ ማብቂያ ነው። ሁሉ ነገር ተነግሮ ካለቀ፣ ሻዩም ከተጠጣ በኋላ አንድ ሰው ይነሣና ባለ ዘጠኝ ነጥብ የአቋም መግለጫ ያነባል። “አቋቋም” ግን ከሥራው በፊት ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው አቋቋምን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው፣ በተለይም ጎንደር ላይ፣ ለዓመታት የሚያስተምሩት። መቋሚያውን ይዞ መቆምን ያልተማረ ደቀ መዝሙር ድምፁ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

እኔ ግን ዛሬ የምሄደው ከቅኔ ማሕሌት በጣም ወደ ራቀ ቦታ፣ ወደ ጎልፍ ሜዳ ነው። አንባቢ “ደግሞ ብለው ብለው ጎልፍ!” ብሎ ገጹን እንዳይገልጥብኝ እለምናለሁ። ጎልፍ የባለጸጎች ጨዋታ መሆኑን አልክድም። እኔም ዱላውን በእጄ ጨብጬ አላውቅም፤ የማውቀው ከመጻሕፍትና ከቴሌቪዥን ነው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ለኖረ አንድ ጥያቄ ከፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ ይህ ጨዋታ የተሻለ ምሳሌ ሰጥቶኛል። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ድርጊት የሚጀምረው መቼ ነው? ሰውስ መጠየቅ ያለበት በየትኛዋ ቅጽበት ስላደረገው ነው?

በገና ጨዋታ ሩሯ ትሮጣለች፤ ተጫዋቹም እያሳደደ ይመታታል፤ እግሩ የት እንዳረፈ የሚያስብበት ፋታ የለውም። በጎልፍ ግን ኳሷ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የሚገፋ የለም፣ የሚነጥቅ የለም። ተጫዋቹ ይቀርባታል፣ እግሮቹን ያስተካክላል፣ ይመታል። ኳሷ ጫካ ስትገባ እሱም ተመልካቹም የሚረግሙት ምቱን ነው። አሠልጣኝ ግን መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዱላው ከላይ ወርዶ ወደ ፊት ሲያልፍ በአየር ላይ ቅስት ይሠራል፤ ቅስቱም አንድ ዝቅተኛ ነጥብ አለው። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ኳሷ ከዚያ ነጥብ ወዲህ ወይም ወዲያ በመሆኗ ነው። ቀኝ እጁን የሚያዘወትር ተጫዋች ድራይቨር የሚባለውን ረጅሙን ዱላ ሲይዝ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ያህል ከፍቶ ኳሷን ከግራ ተረከዙ ውስጠኛ ጎን ትይዩ ያደርጋታል። ኳሷ በትንሽ ችካል ላይ ተቀምጣለችና ዱላው ዝቅተኛውን ነጥብ አልፎ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር እንዲያገኛት ይፈለጋል። አጭሩን የብረት ዱላ ሲይዝ ግን እግሮቹን ሰብሰብ ያደርጋል፤ ኳሷም ወደ መሐል ትመጣለች፤ ዱላው ገና እየወረደ ሳለ መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ ሣሩን እንዲነካ ነው። ኳሷ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኝ እግሩ ብትሸሽ የዱላው ፊት ወደ ዒላማው ሳይመለስ ስለሚደርስባት ወደ ቀኝ ትወረወራለች። ወደ ግራ ብትበዛ ደግሞ ዱላው መሬቱን ቀድሞ ይቆፍራል፣ ወይም አናቷን ብቻ ይነካል፣ አለዚያም ወደ ግራ ይጎትታታል።

ዱላና ኳስ ተነካክተው የሚቆዩት ከአንድ ሰከንድ ሁለት ሺህ እጅ አንዱን ያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ፈቃድ የሚባል ነገር ጣልቃ ሊገባ አይችልም። “እንዴት መታህ?” ብለን የምንጠይቀው ሰው በተመታችበት ቅጽበት በቦታው አልነበረም ማለት ይቻላል። የነበረው ቀደም ብሎ፣ እግሩን ሲተክል ነው።

ቤን ሆጋን ስለዚህ የጻፈውን ማንም አልጻፈም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1949 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ዳሌውና ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ፣ በ1950 ደግሞ የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ ሰው ነው። መቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በ1957 ባሳተመው “አምስት ትምህርቶች” በተባለው መጽሐፉ ቀኝ እግር ከኳሷ መንገድ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ፣ ግራው ደግሞ ጥቂት ወደ ውጭ እንዲዞር ይመክራል። ኳሷን በተመለከተም ከብዙዎቹ አስተማሪዎች ይለያል፤ ለሁሉም ዱላ ኳሷ ከግራ ተረከዝ አጠገብ ትቆያለች፤ የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እግር ነው ይላል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። የሚያጨቃጭቃቸው ግን የት መቆም እንደሚገባ ነው እንጂ አቋቋም ወሳኝ ስለ መሆኑ አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጀማሪ ተጫዋች የእግሮቹን ጣቶች መሥመር በቀጥታ ባንዲራው ወደ ተተከለበት ጉድጓድ ያነጣጥራል። ትክክል ይመስላል፤ ግን ስሕተት ነው። ወደ ዒላማው መመልከት ያለበት የዱላው ፊት ነው። እግሮቹ እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለተኛው ብረት ከዚያ መሥመር በስተግራ ትይዩ ሆነው መቆም አለባቸው። ጣቶቹን በቀጥታ ወደ ባንዲራው ያዞረ ሰው ሳያውቀው በስተቀኝ እያለመ ነው። ጥቂት ቀን ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄድበታለች። ከዚያ ሰውነቱ በራሱ ጊዜ መላ ይፈልጋል፤ ትከሻው ይጠመዘዛል፣ ክንዱ ዱላውን ወደ ግራ ይጎትታል፣ ኳሷም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንዱ ጠማማ ሌላውን ጠማማ አቃንቶለታል ማለት ነው። ሰውየው ግን ራሱን ቀጥተኛ አድርጎ ያያል፤ ማስረጃውም ኳሷ ናት።

ታዲያ አንድ ቀን አሠልጣኝ መጥቶ እግሩን ቢያስተካክልለት ምን ይሆናል? ይበላሻል! ትከሻው አሁንም ወደ ግራ ይጎትታልና ትናንት ቀጥ ትል የነበረችው ኳስ ዛሬ ጫካ ትገባለች። ለጥቂት ሳምንታት ትክክለኛው ሰው ከጠማማው የከፋ ተጫዋች ይሆናል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ወደ ቀድሞው አቋቋማቸው ይመለሳሉ ይባላል። አልፈርድባቸውም። “ውጤቱን እዩ” የሚል ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ እነዚህን ተጫዋቾች አስባለሁ።

የጎልፍ ሕግም ቢሆን አቋቋምን እንደ ዋዛ አላየውም። በ1925 በዉስተር፣ ማሳቹሴትስ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ቦቢ ጆንስ በመጀመሪያው ዙር ከረጅም ሣር ውስጥ ሊመታ ተዘጋጅቶ ሳለ ኳሷ ቅንጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። ከእሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ዳኞቹ አላየንም ቢሉም እሱ ተንቀሳቅሳለች ብሎ በራሱ ላይ የአንድ ምት ቅጣት አስቆጠረ። ውድድሩ ሲያልቅ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፤ በመለያው ጨዋታም በአንድ ምት ተሸነፈ። ያችን ምት በራሱ ላይ ባይቆጥር መለያ ጨዋታ ባላስፈለገ ነበር። ሰዎች ሐቀኝነቱን ያደንቃሉ፤ ማድነቃቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከሰውየው ይልቅ ሕጉ ይገርመኛል። ሕጉ “አልመታህም፤ ነገር ግን ቀርበሃታል፣ ቆመህባታል፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ያንተ ነው” ይል ነበር። ድርጊቱ የጀመረው ከምቱ በፊት ነው ማለቱ ነው።

ይህ ሕግ ጨካኝ ነበር። በ2011 ዌብ ሲምፕሰን በኒው ኦርሊንስ ውድድር መጨረሻ ላይ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ በመንቀሳቀሷ ተቀጣ፤ ነፋስ ነበር ያንቀሳቀሳት፤ እሱም በመለያ ጨዋታ ተሸነፈ። ከ2012 ጀምሮ ሕጉ ላላ፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ተጫዋቹ የሚቀጣው ኳሷን ያንቀሳቀሳት እሱ መሆኑ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ እንደሆነ ነው። ፍትሕ ነው። ቢሆንም አሮጌው ሕግ አዲሱ የዘነጋውን አንድ ነገር ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ደንብ ግን አልተለወጠም። ተጫዋች ከእግሩ ሥር ምንም ነገር አንጥፎ መቆሚያውን “መሥራት” አይፈቀድለትም። በ1987 ክሬግ ስታድለር በካሊፎርኒያ ከአንድ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ መምታት ግድ ሆነበትና ሱሪው እንዳይቆሽሽ ከጉልበቱ ሥር ፎጣ አነጠፈ። በማግስቱ በቴሌቪዥን ያዩት ሰዎች ደውለው ጠቆሙ፤ ቅጣቱን ሳይጨምር የነጥብ ካርዱን ፈርሞ ነበርና ከውድድሩ ተሰረዘ። ፎጣው ኳሷን አንድ ጣት እንኳ አላራቀለትም። ሰውየው የፈለገው ንጹሕ ሱሪ ብቻ ነው።

ይህን ፎጣ ሳስብ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ትዝ ይለኛል። ስሙን አልጠራም፤ የሥራ ነገር ነው። አንድ ድርጅት የመጠጥ ውኃ ሥራውን ሊያስጎበኝ ጋዜጠኞችን ጋበዘ። መኪናውም፣ ሆቴሉም፣ አበሉም የድርጅቱ ነው። ባልደረባዬ ቧንቧውን አየ፣ ውኃው ሲወርድ አየ፣ ሴቶቹንም አነጋገረ፤ ተመልሶም ጻፈ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ከዚያው ቀበሌ የመጣ ሰው ወደ ላይ ያሉት ቦኖዎች ከተሠሩ ጀምሮ ጠብታ ወርዶባቸው እንደማያውቅ ነገረን። ባልደረባዬ ጽሑፉን ዘርግቶ “የቱ ዓረፍተ ነገር ነው ሐሰት? አሳየኝ” አለኝ። አንብቤ አንድም አላገኘሁም። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። መኪናው ከቆመበት ሆኖ የሚታየውን በታማኝነት ጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም ነገር በአቋቋም አስቀድሞ የሚወሰን ከሆነ የሚመታው ሰው በምን ይጠየቃል? አርስቶትል ይህን አስቦበታል። ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን መመለስ አይችልም፤ ሆኖም መወርወርና አለመወርወር በእጁ ነበር ይላል። ኑሮውን አበላሽቶ የታመመም ዛሬ ጤነኛ ልሁን ቢል አይሆንለትም፤ ዱሮ ግን ይችል ነበር። መልካም ነው፤ ግን ለእኔ አይበቃኝም፤ “ዱሮ” የሚለው ቃል በጣም ምቹ መሸሸጊያ ነውና። የጎልፍ ሕግ ከአርስቶትል አንድ እርምጃ ይሄዳል። ተጫዋች ዱላውን ወደ ታች ማውረድ ከጀመረ በኋላ እንኳ ሐሳቡን ለውጦ ኳሷ ዘንድ ሳይደርስ ቢያስቆመው እንደ ምት አይቆጠርበትም። ታይገር ውድስ በዚህ ይታወቃል፤ ካሜራ ቀጭ ባለ ጊዜ የሚወርደውን ዱላ አየር ላይ ገትቶ፣ ወደ ኋላ ሄዶ፣ እግሩን እንደ አዲስ ይተክላል። በዚያ ፍጥነት ማቆም ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሚያውቁ ያውቁታል። ለአብዛኞቻችን ግን የሚቀለው ከመነሻው ፈቀቅ ብሎ መቆም ነው።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ አጫወትኩት። ስለ ፎጣው ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ግን ዝም አለና፣

“እሺ፣ መኪናው ከቆመበት ካልቆምኩ የት ልቁም?” አለኝ።

“ቧንቧው ወደ ላይ እስከ የት ይሄዳል?”

“አራት ኪሎ ሜትር ይላሉ።”

“በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል?”

“ዳገት ነው። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን” አለና ጥቂት አሰበ። “አበሉ ደግሞ የአንድ ቀን ነው።”