ሙያ በልብ ነውን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ሲሉ ጉራን መንቀፋቸው ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ በጊዜ ብዛት ሌላ ትርጉም ተጨመረበትና ብልሃትን ከባልደረባ የመደበቅ ፈቃድ ሆነ። መድኃኒት ዐዋቂው «ከተነገረ ኃይሉን ያጣል» እያለ ዕውቀቱን ለአንድ ልጁ ብቻ ይነግራል፤ ልጁ ቀድሞት የሞተ እንደ ሆነ ግን ዕውቀቱም አብሮ መቃብር ይወርዳል።

እንግዲህ አንድ ባለሙያ በድካሙ ያገኘውን ብልሃት ለባልደረባው፣ ይልቁንም ለተወዳዳሪው፣ የመንገር ግዴታ አለበትን? ይህን የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ከሌላው ይልቅ ያስረዳልና እርሱን እንመልከት።

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ብርቱ ችግር ገጠማቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ነጥቦቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሁሉም በየፊናው ሌሊት ሲደክም እያደረ መላ አበጀ፤ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፈለ፣ ሌላው ቅጥያውን ነጠለ። ድካማቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የአንዱ «ሀ» ቁጥር ከሌላው «ሀ» ቁጥር አይገጥምም ነበርና፣ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር።

የለቡ ሰው ይህን ከባቡሩ ይረዳዋል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በ2016 ተመርቆ በለቡ ጣቢያ የተሠራለት አዲሱ ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ ምንም ጠንካራ ቢሆን በአዲሱ ላይ አይሄድም።

የፊደሉ ነገር የተስተካከለው ባለሙያዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉት፣ ሠንጠረዣቸውን አውጥተው ሲከራከሩ ነው። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ 345 የግእዝ ምልክቶችን ተቀበለ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ሆኑ። በ2005ም ለቢለን፣ ለምዕንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ።

«ደክሜ ያገኘሁትን ለተወዳዳሪ ብሰጥ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» የሚል ይኖራል። ይህ የስስታም ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሶፍትዌር ሳይከፍል የሚገለብጥ ሰውም ስለ መካፈል ሊሰብክ አይገባውም። ባለሙያው የፊደሉን ቅርጽ ውበትና የሥራውን ቅልጥፍና ይሽጥ። የ«ሀ» ቁጥር ግን እንደ ቁና ነው። ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ ገበያ ቢወጣ የሚጎዳው ገዢው ነው፤ ወደ ሌላ ሻጭ እንዳይሄድ የገዛ ጽሑፉ መያዣ ይሆንበታል።

መደበቅ ባህላችን ነው የሚሉ ሰዎች የቅኔ ቤቱን ለምን ይረሱታል? ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ ቤቱ ቢጎድል፣ ምሥጢሩ ቢሳሳት እዚያው ይታረማል። ዛሬ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን ለባልደረባ አሳይተው ሲያሳርሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

በአሮጌው ቁጥር የተጻፈ ፋይል ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ይገኝ ይሆናል። ሠንጠረዡን የሠራው ሰው ለማንም ሳይነግር አልፎ እንደ ሆነ፣ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የሚያየው እነዚያን ትርጉም የሌላቸውን ምልክቶች ነው።