የመቅደላ ጥላ

አንድ ሰዓሊ ሁለት ተማሪዎቹን ይዞ ወሎ፣ መቅደላ ወጣ። ከአምባው ማዶ አስቀመጣቸውና ወረቀትና የውሃ ቀለም አድሎ «በሉ ሣሉት» አላቸው።

ልጁ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያ ገደል፣ እስላምጌ ላይ፣ የሆነውን ያውቃል፤ ዓይኑም ከገደሉ አልነቀል አለ። ብሩሹን ድፍን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረና ገደሉን ከላይ እስከ ታች ሞላው። እርጥቡ ቀለም ወደ ሰማዩም ወደ ሸለቆውም ሸሸ። የጠዋት ፀሐይ የመታውን የአምባውን ግንባር ላውጣ ቢል ቦታ አጣ፤ በውሃ ቢያጥበው ወረቀቱ ተላጠ።

«ጋሼ፣ ነጭ ቀለም ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ እዚህ ሥራ ላይ ነጩ ወረቀቱ ነው። አስቀድመህ ካልተውክለት ኋላ ከየትም አታመጣውም።»

ልጅቷ ግን ፀሐይ የመታውን ድንጋይ ሳትነካ ተወችው። ሰማዩን በሳሳ ቀለም፣ የሩቆቹን ተራሮች በፈዘዘ ሰማያዊ አለፈቻቸው። ከዚያ ጠበቀች። በእጇ ጀርባ ወረቀቱን ትዳስሳለች፤ ከቀዘቀዛት ገና አልደረቀም ማለት ነው።

«ገደሉን ፈርተሽው ነው?» አላት ጓደኛዋ።

መልስ አልሰጠችውም። ወረቀቱ ሲደርቅ መካከለኛውን ጥላ ደረበችበት፤ በመጨረሻም ወፍራሙን ጥቁር አንሥታ ገደሉን በአንድ ጊዜ አሳረፈችው፣ ተመልሳም አልነካካችውም። ብርሃን አጠገቡ ስላለ የእሷ ገደል ከልጁ ይልቅ ጠቆረ።

የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ስናወራ ብዙዎቻችን እንደ ልጁ ከጥቁሩ እንጀምራለን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ይህ የባሰ ይመስለኛል፣ ገደሉን ጨርሶ ሳንሥል ወረቀቱን አጥፈን እንነሣለን። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ሰው አገር አንድ ላደርግ ብለው መነሣታቸው መቅደም አለበት። ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ይከተል፤ ያን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ተራራ ሲቆረጥና መንገድ ሲጠረግ ወራት አልፈዋል። የሠራዊቱ መክዳትና የሕዝቡ ምሬት ይደረብበት። ከዚያ በ1860 ዓ.ም. ሕማማት እስላምጌ ላይ እስረኞች ገደል መወርወራቸው፣ ሳይሳሳና ሳይታጠብ ይነገር። ያን ትእዛዝ የሰጡት፣ ለመድፉ በተጠረገው በዚያው መንገድ ላይ ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ የነበሩት ንጉሥ ናቸው።